ችሎት ያላየው የብልግና ክስ



«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። እኔ ግን ዛሬ ከቅርቡ ጀምሬ ወደ ሥሩ ብወርድ እመርጣለሁ፤ የቅርቡ ነገር የደረሰው በደጃችን ነውና።

እኔና ብዙ ወገኖቼ በምንኖርባት በካናዳ የአልበርታ ክፍለ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የትምህርት ሚኒስትሩ ዲሜትሪዮስ ኒኮላይዲስ በካልጋሪና በኤድመንተን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለልጅ የማይገባ የወሲብ ሥዕል ያለባቸው መጻሕፍት ተገኝተዋል ብለው መግለጫ ሰጡ። በማስረጃነት ያቀረቡት አራት በሥዕል የተተረኩ መጻሕፍትን ነበር። በጁላይ መመሪያ ወጣ፤ ግልጽ የወሲብ ይዘት ያለው መጽሐፍ ሁሉ ከትምህርት ቤት መደርደሪያ ይውረድ ተባለ። እዚህ ከማውቃቸው ኢትዮጵያውያን ወላጆች ብዙዎቹ መመሪያውን «እሰይ!» ብለው ነው የተቀበሉት። አልፈርድባቸውም። ልጅን በባዕድ አገር ማሳደግ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የገባበት ያውቀዋል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ምን ያንብብ በሚለው ጉዳይ ወላጅ ድምፅ አይኑረው የምል ሰውም አይደለሁም።

ነገር ግን «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ወዲያው ደረሰ። በኦገስት መጨረሻ የኤድመንተን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቦርድ መመሪያውን ቃል በቃል ተከትሎ ሊወርዱ ይገባል ያላቸውን መጻሕፍት ሲዘረዝር ቁጥራቸው ከ200 በላይ ሆነ። የካናዳዋ ታላቅ ደራሲ የማርጋሬት አትውድ «ዘ ሃንድሜይድስ ቴል» አለበት። የአልደስ ሀክስሊ «ብሬቭ ኒው ወርልድ» አለበት። ጥቁሯ አሜሪካዊት ማያ አንጀሉ በልጅነቷ የደረሰባትን መደፈር የመሰከረችበት መጽሐፍ ሳይቀር አለበት። አገር ጮኸ። የክፍለ ግዛቷ ፕሪሚየር ዳንኤል ስሚዝ ቦርዱ ሆን ብሎ ነገር አበላሸ ብለው ተቆጡ። በሴፕቴምበር መመሪያው ተሻሽሎ በሥዕል ላይ ብቻ እንዲወሰን ተደረገ፤ በቃላት የተጻፈው ልቦለድ ለጊዜው ተረፈ።

ከአራት የሥዕል መጻሕፍት ተነስቶ ማርጋሬት አትውድ ዘንድ ለመድረስ የፈጀው ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነው። ይህም የሆነው ነጻ ጋዜጣ፣ ነጻ ፍርድ ቤትና የሚወርድ የሚሾም መንግሥት ባለበት አገር ነው። እነዚህ ሦስቱ በሌሉበት አገር ነገሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ለማወቅ ትንቢት አያስፈልገንም፤ የራሳችንን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ መመልከት ይበቃል።

ሙያዬ ምህንድስና ነው። በእኛ ሙያ «ቧንቧው ጠንካራ ይሁን» ብሎ ውል የሚጽፍ የለም። ስንት ግፊት ይችላል፣ የብረቱ ውፍረት ስንት ሚሊሜትር ነው፣ ማን ይመረምረዋል፣ ቢፈነዳ ማን ይጠየቃል ተብሎ ይጻፋል። «ብልግና» የሚለው ቃል ግን ሚሊሜትር የለውም። ለአንዱ ነውር የሆነው ለሌላው የዕለት ጨዋታ ነው፤ ጎጃም ውስጥ በሠርግ ላይ የሚዘፈነውን አዲስ አበባ ላይ በጋዜጣ ብታትመው ያሳስርህ ይሆናል። መለኪያ የሌለውን ነገር በሕግ ልከልክል የሚል መንግሥት ቢያንስ በመለኪያው ፈንታ ሌላ ነገር ማቅረብ አለበት፤ ይኸውም ግልጽ ችሎት ነው። ከሳሽ በስሙ ቆሞ፣ ደራሲው ተከላክሎ፣ ምስክር ተሰምቶ፣ ዳኛው ምክንያቱን ጽፎ፣ ቅር ያለው ይግባኝ ብሎ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ልቦለድ ላይ የብልግና ፍርድ ደጋግሞ ተሰጥቷል፤ የብልግና ችሎት ግን አልታየም።

ሌላው ዓለም እንዴት እንዳደረገው እንይ። የእንግሊዛዊው ደራሲ ዲ. ኤች. ላውረንስ «ሌዲ ቻተርሊስ ላቨር» እ.ኤ.አ. በ1928 በፍሎረንስ በግል ታትሞ ለሠላሳ ዓመታት በእንግሊዝ አገር ሙሉውን ማሳተም አልተቻለም። በ1960 ፔንግዊን የተባለው አሳታሚ በሦስት ሺሊንግ ከስድስት ፔንስ፣ ማለትም ወዛደር ሊገዛው በሚችል ዋጋ፣ ለማውጣት ሲነሳ ዐቃቤ ሕግ ከሰሰው። በለንደኑ ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት አሥራ ሁለት ዳኞች ከተራው ሕዝብ ተመርጠው ተቀመጡ፤ መጽሐፉን ሙሉውን አነበቡት። ለመከላከያው ሠላሳ አምስት ምስክሮች ቀረቡ፤ ከነሱም ውስጥ ታላቁ ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር ይገኝበታል። ዐቃቤ ሕጉ መርቪን ግሪፊዝ ጆንስ ለዳኞቹ ያቀረበላቸው ጥያቄ እስከ ዛሬ ይወራል፤ ይህን መጽሐፍ ሚስትህ ወይም አሽከርህ እንዲያነብ ትፈቅዳለህ ወይ አላቸው። ከዳኞቹ ሦስቱ ሴቶች ነበሩ! አሽከር ያለውም ብዙ አልነበረም። ኖቬምበር 2 ቀን 1960 ነጻ አሉት። የክሱ ሚስጥር በዚያች ጥያቄ ወጣች፤ የተፈራው መጽሐፉ ሳይሆን ርካሽነቱ፣ ማለትም አንባቢው ማን እንደሆነ ነበር።

በካናዳም ይኸው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1959 ሞንትሪያል ውስጥ ከመጽሔት ሻጮች እጅ ተይዞ ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። የተከራከረላቸው ጠበቃ ኤፍ. አር. ስኮት ሲሆን፣ እርሱ ራሱ ገጣሚና የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነበር። በ1962 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ መጽሐፉን ነጻ ለቀቀው። አንድ ድምፅ! ጠባብ ድል ነው። ነገር ግን የአራቱ ተቃዋሚ ዳኞችም ምክንያት ተጽፎ ተቀምጧል፤ ዛሬም ማንም ተማሪ አውጥቶ ሊሞግተው ይችላል። በ2000 ደግሞ ሊትል ሲስተርስ የተባለ የቫንኩቨር መጻሕፍት ቤት ባነሳው ክርክር ያው ፍርድ ቤት አንድ መጽሐፍ ብልግና መሆኑን የማስረዳት ሸክም የጉምሩክ እንጂ የመጽሐፍ ሻጩ አይደለም ብሎ ወሰነ። ይህችን የማስረዳት ሸክም የምትለዋን ቃል አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ወደ አገራችን እንመለስ።

ጋሽ ስብሐት ገብረእግዚአብሔር በዓድዋ አካባቢ እርባ ገረድ በምትባል መንደር ተወልዶ፣ ለትምህርት ፈረንሳይ አገር ኤክስ አን ፕሮቫንስ ሄዶ በነበረበት ጊዜ፣ በ1950ዎቹ (እንደ እኛ አቆጣጠር) «ሌቱም አይነጋልኝ»ን ጻፈ። የልቦለዱ ዓለም ውቤ በረሃ ነው። የውቤ በረሃን ሌሊት፣ የቡና ቤት ሴቶቹን፣ ጠጪውን፣ ፍቅሩንና ልፊያውን፣ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው በሚነጋገሩበት ቋንቋ አስቀመጠው። ስሙን መጥራት የሚያሳፍረውን አካል በስሙ ጠራው። በቃ፣ ወንጀሉ ይኸው ነው።

መጽሐፉ ለአርባ ዓመት ያህል በእጅ ጽሑፍና በታይፕ ቅጂ ከወዳጅ ወደ ወዳጅ ሲዘዋወር ኖረ። በመደበኛ ማተሚያ ቤት ታትሞ አንባቢ እጅ የገባው በ1990ዎቹ ነው። የፈረንሳይኛው ትርጉምም እ.ኤ.አ. በ2004 «የአዲስ አበባ ሌሊቶች» በሚል ርዕስ በፈረንሳይ ወጣ። ሰውዬው ሲጽፈው ወጣት ነበር፤ ሲታተምለት ስልሳውን አልፎ ነበር። የካቲት 12 ቀን 2004 ዓ.ም. አረፈ።

እስቲ እንጠይቅ። በነዚያ አርባ ዓመታት ይህን ልቦለድ በብልግና የከሰሰው ማን ነው? ስሙ ማን ይባላል? የክሱ መዝገብ ቁጥር ስንት ነው? የትኛው ዳኛ ነው አንብቦ የፈረደበት? መልስ የለም፤ ምክንያቱም ክስ አልነበረም። የሳንሱር ክፍል ነበር፤ የሚፈራ አሳታሚ ነበር፤ ከዚያ በላይ ደግሞ «ይሄማ አይሆንም» የሚል በፈገግታ የሚነገር ምክር ነበር። በላውረንስ መጽሐፍ ላይ የተፈረደው ፍርድ ሊሻር የቻለው ፍርድ ስለነበረ ነው። ያልተፈረደ ፍርድ ግን ይግባኝ አይባልበትም።

ችሎት ቢኖር ኖሮ ምን ይመስል ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ፍርድ ቤት፣ ለመከላከያ ምስክርነት መንግሥቱ ለማ ቢጠራ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቢጠራ፣ ዳኛቸው ወርቁ ቢጠራ ምን ይሉ ነበር? መንግሥቱ ለማ ያን የለዘበ ቀልዱን ይዞ ዐቃቤ ሕጉን እንዴት ያደርገው ነበር? ደግሞስ ከውቤ በረሃ ሴቶች አንዷ ምስክር ሆና ቀርባ «እኛ እንደዚህ ነው የምንናገረው፤ እናንተም ስትመጡ እንደዚህ ነው የምትናገሩን» ብትል ችሎቱ ላይ የተቀመጡት ትልልቅ ሰዎች ወዴት ያዩ ነበር? ይህ ክርክር ቢደረግ ኖሮ፣ መጽሐፉ ቢሸነፍ እንኳ፣ አገሪቱ ስለ ራሷ አንድ ነገር ትማር ነበር። ያ ትምህርት ነው የቀረብን።

እኔ የመጽሐፉ አፍቃሪ ሆኜ አይደለም የምከራከረው። ሳነበው የዘለልኳቸው ገጾች አሉ፤ ጋሽ ስብሐት አንዳንድ ቦታ የአንባቢን ፊት ለማየት ብቻ የጻፈ ይመስለኛል። ነገር ግን መዝለል የአንባቢ መብት ነው፤ ገጹን ቀድሞ መቅደድ ግን የማንም መብት አይደለም።

«ይህ ከባህላችን ጋር አይሄድም» የሚለው ክርክር የታወቀ ነው፤ እዚህ ካልጋሪም በየማኅበሩ እሰማዋለሁ። የትኛው ባህላችን? አዝማሪው በሰም አወድሶ በወርቁ የሚያስቅበት ባህል የማን ነው? የቅኔ ተማሪው መምህሩ ፊት የሚዘርፈው፣ ሽማግሌው ከጠላ ማኅበር ሲመለስ የሚያወራው ጨዋታ ከየት መጣ? የቤተ ክህነቱን ልጅ ብንወስድ ደግሞ ንባብ ሲማር የሚደግመው ዳዊት በመዝሙራቱ ብቻ አያበቃም፤ ከመዝሙራቱና ከነቢያት ጸሎት ቀጥሎ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን አለበት። የሙሽራይቱን ጡት፣ የሙሽራውን ጭን የሚያወድስ ግጥም ለዘመናት በአገራችን የሕፃናት የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ነበረ። አባቶች ምስጢሩን ተርጉመው አስተማሩት እንጂ ቀደው አልጣሉትም። ስለዚህ ባህላችን ነውርን የሚያውቅ ባህል ነው ብንል ልክ ነው፤ ቃልን በአዋጅ የሚያቃጥል ባህል ነው ካልን ግን በአባቶቻችን ላይ መዋሸት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። አንዳንድ ወዳጆቼ «አገር እየነደደች፣ ሰው በገፍ እየተፈናቀለ አንተ ስለ ስብሐት የብልግና መጽሐፍ ታወራለህ ወይ?» ይሉኛል። አዎን አወራለሁ፤ ምክንያቱም የሳንሱር ጠረጴዛ አንድ ነው። የውቤ በረሃን ሴት ንግግር «ለሕዝብ ሥነ ምግባር» ሲል የሚያስቀረው ጠረጴዛ፣ በዚያው እስክሪብቶ የባለ ሥልጣኑን ገመና «ለሕዝብ ደኅንነት» ሲል ያስቀራል። አቤ ጉበኛ በ1950ዎቹ «አልወለድም»ን ሲጽፍ ብልግና አልጻፈም፤ በእናቱ ማኅፀን ሆኖ እንዲህ ባለ አገር አልወለድም የሚል ፅንስ ነው የፈጠረው። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲውም ኋላ ወደ ጎሬ ተጋዘ። ጃንሆይን የተኩት ሰዎች ብዙ ነገር አፈረሱ፤ ያን ጠረጴዛ ግን አላፈረሱትም። አሰፉት።

በዓሉ ግርማን ማንሳት ያስፈለገኝም ለዚህ ነው። በዓሉ የጋሽ ስብሐት ወዳጅ ነበር፤ «ደራሲው» በሚለው ልቦለዱ ውስጥ ያለው ሲራክ በስብሐት የተቀረጸ ነው ይባላል። በዓሉ ከጠረጴዛው በሁለቱም በኩል የተቀመጠ ሰው ነው፤ በአንድ በኩል ደራሲ፣ በሌላ በኩል የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለ ሥልጣን። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አወጣ። አሳታሚው ኩራዝ ነው፤ ማለትም መንግሥት ራሱ የሚያውቀው ድርጅት፤ መጽሐፉ ሳይታይ አልወጣም። ታሪኩ የሚፈጸመው በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አሥመራ ላይ ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ከፊያሜታ ጋር የያዘውን ፍቅርና ዘመቻውን የሚመሩትን ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠ። ታላላቆቹ ባለ ሥልጣኖች ራሳቸውን በመስተዋት እንዳዩ ሆነው ተቆጡ። መጽሐፉ ከየሱቁ ተለቀመ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ። እኛ ያኔ ተማሪዎች ነበርን፤ «ኦሮማይ»ን ለአንድ ሌሊት ተከራይቶ ሳይነጋ ጨርሶ መመለስ የዚያ ትውልድ ትዝታ ነው። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

እርሱንስ የከሰሰው ማን ነው? በየትኛው አንቀጽ? የሰውን ስም የሚያጠፋ ጽሑፍ ነው ይባል እንደሆነ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስም ማጥፋትን የሚመለከት ድንጋጌ ነበረው። ባለ ሥልጣኖቹ ፍርድ ቤት ቀርበው «ያ ገጸ ባሕርይ እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባቸው። እንዴት ብለው ይናገሩታል! ልቦለድ በችሎት ላይ ያለው ኃይል ይኸው ነው፤ ከሳሹ ራሱን አውቆ እንዲመጣ ያስገድደዋል። ስለዚህ ችሎቱ ቀረ፤ ሰውየው ጠፋ። «ኦሮማይ» እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒው ዮርክ ሲደርስ የፈረንጅ ጋዜጦች አወደሱት። ደራሲው የት እንደተቀበረ ግን ልጆቹ ዛሬም አያውቁም።

ቀጥሎ የመጣው ሥርዓት በወረቀት ላይ ከሁሉም የተሻለ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ቁጥር 34 ሳንሱርን አስቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከለከለ፤ ገደብ ማድረግ የሚቻለው ለወጣቶች ደኅንነትና ለሰዎች ክብርና መልካም ስም ሲባል እንደሆነም ዘረዘረ። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ከአንቀጽ 640 ጀምሮ የብልግና ጽሑፍንና ትርኢትን ይቀጣል፤ በአንቀጽ 642 ደግሞ የፍትወት ስሜትን ለመቀስቀስ ያልታሰቡ፣ ንጹሕ የኪነ ጥበብ፣ የሥነ ጽሑፍ ወይም የሳይንስ ጠባይ ያላቸው ሥራዎች እንደ ብልግና አይቆጠሩም ይላል። ጥሩ ነው። ነገር ግን «ንጹሕ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆም እንበል። የትኛው ልቦለድ ነው ንጹሕ ጥበብ ብቻ የሆነ? ልቦለድ እንደ ሰው ነው፤ ከሁሉም ይቀላቅላል። ደግሞስ ስለ ፍቅር የተጻፈ ነገር ምንም ስሜት ካልቀሰቀሰ ለምን ይጻፋል? በዚህ አንቀጽ ደራሲው ነጻ የሚወጣው ዳኛው ከወደደለት ነው፤ ዳኛው ደግሞ በኛ አገር ማንን እንደሚፈራ ለአንባቢ መንገር አያሻም።

ይህም ሆኖ አንቀጹ ቢያንስ ችሎትን ያስባል። የኢሕአዴግ ሰዎች ብልጠት ግን ችሎቱን የሚዘል መንገድ መፈለግ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የመንግሥት የሆነው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ለጋዜጣ አሳታሚዎች አንድ ውል አቀረበ፤ ሕግ የሚጥስ ነው ብሎ ያመነበትን ጽሑፍ አላትምም የማለት መብት ለማተሚያ ቤቱ የሚሰጥ ነበር። ሳንሱር በሕገ መንግሥት ተከለከለ፤ ስለዚህ ሳንሱሩን ለማሽን ሠራተኛው ሰጡት ማለት ነው። ጉዳዩ የተነሳው በጋዜጣ ላይ ነው፤ መርሁ ግን ለልቦለድም ያው ነው። አታሚ የሚፈራ ከሆነ ዐቃቤ ሕግ ከቢሮው መውጣት አያስፈልገውም። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ በር ተከፈተ ተብሎ ከ200 በላይ የታገዱ ድረ ገጾች ሲለቀቁ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። በሩ ምን ያህል ጊዜ ክፍት ሆኖ እንደቆየ ከታሰሩት ጋዜጠኞች ቤተሰቦች መጠየቅ ይቻላል። የሆነው ሆኖ አንቀጽ 640 በመንግሥት መለዋወጥ አልተነካም፤ የሚፈልገው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃል።

ሲመጣ ምን እንደሚመስል ከጎረቤት እንየው። ግብፃዊው ደራሲ አሕመድ ናጂ የልቦለዱ አንድ ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2014 በሥነ ጽሑፍ ጋዜጣ ላይ ወጣ። አንድ አንባቢ ሳነበው ልቤ ደከመ፣ ደሜ ወረደ ብሎ አመለከተ። ልብ በሉ፣ የአንድ ሰው የደም ግፊት የወንጀል ማስረጃ ሆነ! የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ነጻ አለው፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ በፌብሩዋሪ 2016 የሁለት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ወራት ታስሮ ተለቀቀ። በኡጋንዳ ደግሞ ምሁሯ ስቴላ ኛንዚ ስለ ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒና ስለ እናታቸው ማኅፀን በጻፈችው ነውረኛ ግጥም ሰበብ በ2019 የአሥራ ስምንት ወር እስራት ተፈረደባት። የሁለቱም አገር መንግሥት የፈለገው የሕዝብን ጨዋነት መጠበቅ ነበር ብሎ የሚያምን ካለ ይመን። ካምፓላ ላይ የተቀጣው የማኅፀን ስም መጠራቱ ሳይሆን የማን ማኅፀን እንደሆነ ነው።

እነዚህ ችሎቶች መጥፎ ችሎቶች ነበሩ፤ እኔ ችሎት ሁሉን ይፈታል አላልኩም። ነገር ግን አሕመድ ናጂ የታሰረበትን ምክንያት እናውቃለን፤ የፈረደበትን ፍርድ ቤት እናውቃለን፤ የዓለም ደራሲያን ስሙን ጠርተው ሊጮሁለት ችለዋል፤ ወጥቶም ጽፏል። መጥፎ ችሎት ቢያንስ ሰውየውን በሕይወት ያሳየናል። የበዓሉ ሚስትና ልጆች ይህንንም አላገኙም።

ስለ እኛ ስለ ውጭ ነዋሪዎቹም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ነጻነት አጣን ብለን ተሰደን፣ በነጻ አገር ተቀምጠን፣ ደራሲ ተጋብዞ ሲመጣ «የእኛን ወገን ሰደበ፣ ሃይማኖታችንን ነካ፣ ለልጆቻችን ነውር አወራ» ብለን አዳራሽ የምናዘጋ ሰዎች አለን። ተቃውሞ መብት ነው፤ ሰልፍም ይወጣል፤ መጽሐፉን አለመግዛትም ይቻላል። የአዳራሹን ባለቤት አስፈራርቶ በር ማስቆለፍ ግን ያው የሳንሱር ጠረጴዛ ነው፤ እግሩ ብቻ ነው ካናዳ ላይ የቆመው። በዚህ ልማድ ነገ አዲስ አበባ ብንገባ ምን እንደምናደርግ ከዛሬው ይታያል።

ስለዚህ ለዴሞክራሲ እንታገላለን የምትሉ ድርጅቶችን ሁሉ እጠይቃለሁ። ፕሮግራማችሁ ውስጥ «የመናገርና የመጻፍ ነጻነት ይከበራል» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳለ አይቻለሁ፤ የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥትም እንዲሁ ይል ነበር። ዝርዝሩን ንገሩን። አንቀጽ 640ን ምን ታደርጉታላችሁ? ማንኛውም ልቦለድ በግልጽ ችሎት ሳይፈረድበት ከገበያ፣ ከማተሚያ ቤት ወይም ከቤተ መጻሕፍት እንዳይወጣ በሕግ ትደነግጋላችሁ ወይ? ብልግና ነው የሚለውን የማስረዳት ሸክም በመንግሥት ላይ ታደርጋላችሁ ወይስ ደራሲው ንጽሕናውን ያስረዳ ትላላችሁ? ፍርዱስ መጽሐፉ ሙሉውን ተነብቦ ይሁን ወይስ በቀይ እስክሪብቶ በተሰመሩ ገጾች? አታሚ ያተመውን ጽሑፍ ይዘት በተመለከተ ከወንጀል ተጠያቂነት ነጻ ይሆናል ወይ? ልጆችን መጠበቅ ካስፈለገ፣ ያስፈልጋልም፣ በዕድሜ የተወሰነ የመሸጫ ደንብ ማውጣት ይቻላል፤ ለዚህ ሲባል የአዋቂውን አንባቢ መጽሐፍ መቀማት ግን አስፈላጊ አይደለም። መልሳችሁን በጽሑፍ ብታወጡት ደጋፊዎቻችሁም ምን እንደሚደግፉ ያውቃሉ።

ለካልጋሪ ወገኖቼ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ካናዳውያን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር የንባብ ነጻነት ሳምንት ያከብራሉ። በዓሉ የጠፋው በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወር ነው። በመጪው ፌብሩዋሪ በዚህ ከተማ አንድ ቅዳሜ ምሽት ተሰብስበን ከ«ኦሮማይ»ም ከ«ሌቱም አይነጋልኝ»ም እናንብብ፤ የሚቃወም ካለም መጥቶ ከመድረኩ ይቃወም፣ ሰዓት ይሰጠዋል። ልጆች ያሏችሁ ለዚያች ምሽት ጠባቂ ብትፈልጉላቸው ይሻላል። ለአዳራሹ ኪራይ የመጀመሪያውን መዋጮ እኔ እከፍላለሁ።